ከደብተራው ብራና እስከ ተቀደደው ካርቶን

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ከበግ የሚጣል ነገር የለም። ጸጉሩ ተሸልቶ ባና ይሠራበታል፤ ቆዳው ከነጸጉሩ ደበሎ ይሆናል፣ ሲፋቅ ደግሞ ብራና።

ደብተራው ለክታብ ያንኑ ብራና በጠባቡ ይቆርጠዋል። ርዝመቱ የባለቤቱን ቁመት እንዲያህል ሁለት ሦስቱን ቁራጭ በጠፍር ይቀጣጥላል፤ ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር መጠበቅ አለበትና። ጸሎቱን ከጥላሸት በተበጠበጠ ጥቁር ቀለም ይጽፋል፣ የባለቤቱን የክርስትና ስም በቀይ። በጽሑፉ መሐል ጠልሰሙ ይገባል፦ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ የተጠላለፈ መረብ፣ አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖች። ቆዳ፣ ስፌት፣ ፊደልና ረቂቅ ሥዕል በአንድ ሥራ ላይ ተዋሐዱ ማለት ነው።

ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሠው) አስማተኛን አጥብቆ ያሳድድ ነበር። አስማቱ ግን ከሕዝቡ አልወጣም፤ ክታቡም በቆዳ ማኅደር ተሰፍቶ፣ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ እስከ ዘመናችን ደርሷል።

በ1937 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደው እስክንድር ቦጎሲያን ይህን ጠልሰም ወደ ዘመናዊው ሥዕል አሻገረው። ፓሪስ ሳለ በ1964 «የጁጁ ሠርግ»ን የሠራው በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ ነው፤ የተቀባው በቴምፐራና ብረት ብረት በሚል ቀለም ሲሆን፣ ዛሬ የኒው ዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ንብረት ነው። በ1966 ተመልሶ በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። ኋላም በፍየል ቆዳ ላይ ሣለ።

ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣው ዘሪሁን የትምጌታ ደግሞ ሸማኔ የሚገለገልበትን የቀርከሃ ስንጥር ሰብስቦ፣ ጎን ለጎን ደርድሮ ቀባው። ሥራው ቀረብ ብለው ሲያዩት በስንጥሮቹ መካከል ያለው ክፍተት መስመር ሆኖ ሥዕሉን ይሸነሽነዋል፤ ያንን መስመር ብሩሽ አላሠመረውም። ኤልያስ ስሜ በበኩሉ ከመርካቶ ቁልፍና ክር፣ ቆየት ብሎም የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ሰሌዳ እየለቀመ ይሰፋል፣ ይጎነጉናል።

የእነዚህን ሠዓሊዎች ጥበብ ከአውሮፓ ኮላዥ ብቻ የሚቀዱ ሰዎች ደብተራውን ዘንግተውታል። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ክታቦችን ይዟል፤ የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማእከልም ከዚያ ሩቅ አይደለም። ያልታወቀው ደብተራ ብራና ከዘሪሁን ቀርከሃ ጎን፣ በአንድ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ይገባዋል።