የአሜሪካ የዋጋ ንረት የወለጋን ወርቅ ምን ያገናኘዋል?

አሜሪካ ውስጥ ቤንዚንና ዳቦ ሲወደድ ነጆ ላይ ወርቅ የሚያጥብ ወጣት ምን ቸገረው? ብዙ ሰው "ኑሮ ሲወደድ ወርቅም ይወደዳል" ብሎ ያልፈዋል። ሁሌ ግን እንደዛ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ጁን 2022 የአሜሪካ የዋጋ ንረት 9.1 በመቶ ገባ፤ በ40 ዓመት ውስጥ ያልታየ ነው። ወርቅስ? በማርች ከ2,000 ዶላር በላይ የነበረው አንድ አውንስ (31.1 ግራም ነው፣ ከኛ ወቄት ጋር እንዳታምታቱት) በዚያው ዓመት ኦክቶበር አካባቢ ወደ 1,630 ዶላር ወረደ። ምክንያቱ ወለድ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ንረቱን ለመግታት ከዜሮ አካባቢ የነበረውን ወለድ እስከ ጁላይ 2023 ድረስ ከ5 በመቶ በላይ አደረሰው። ወርቅ ካዝና ውስጥ ቢቀመጥ ወለድ አይከፍልም፤ ባለገንዘቡ ወርቁን ሸጦ ዶላሩን ቦንድ ላይ አስቀመጠ።

ስለዚህ ከንረቱ ይልቅ "ወለዱ ከንረቱ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?" የሚለውን ማየት ይሻላል። ወለድ ይቀንሳል የሚል ተስፋ ሲመጣ ወርቅ ተነሳ። የሌሎች አገሮች ማዕከላዊ ባንኮችም በዓመት ከ1,000 ቶን በላይ መግዛት ጀመሩ። በ2025 መጋቢት ላይ 3,000 ዶላርን፣ ጥቅምት ላይ 4,000ን አለፈ። የዩብዶ ፕላቲነም ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ እሱ ለመኪና ጭስ ማጣሪያ ስለሚፈለግ ፋብሪካ ሲቀዘቅዝ አብሮ ይቀዘቅዛል።

እኛ ጋ ሲደርስ ደግሞ ብር ይጨመርበታል። ብሔራዊ ባንክ ከባህላዊ አምራቾች የሚገዛበት ዋጋ መነሻው የዓለም ገበያ ነው፤ በምንዛሪው ይባዛል። አውንስ 2,000 ዶላር፣ ዶላር 57 ብር ቢሆን አንድ ግራም ንጹህ ወርቅ 3,660 ብር ገደማ ነው። አውንሱ 4,000፣ ዶላሩ 150 ሲሆን ያው ግራም ከ19,000 ብር ያልፋል። ዓለም ላይ እጥፍ የሆነው እዚህ ከአምስት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረው ወርቅ ወደ ባንክ የተመለሰው አንዱ በዚህ ነው።

አክሲዮንስ? ምዕራብ ወለጋ ጌንጂ ወረዳ ያለው ቱሉ ካፒ 1 ሚሊዮን አውንስ ገደማ ክምችት አለው። ባለቤቱ ኬፊ ለንደን ገበያ ላይ የሚሸጥ ኩባንያ ነው፤ የማዕድን ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በ2015 ቢሰጥም ፀጥታውና ገንዘብ ማሰባሰቡ ዓመታት በልቷል።

የማዕድን አክሲዮን ከወርቁ በላይ ይዘላል፣ ከወርቁ በላይም ይወድቃል። አንድ ኩባንያ አውንሱን በ1,500 ዶላር አውጥቶ በ2,000 ይሸጣል እንበል፤ ትርፉ 500 ነው። ወርቅ 10 በመቶ ቢጨምር ትርፉ 700 ይሆናል፣ 40 በመቶ ጨመረ። አሁን ንረቱን አስገቡት፦ ናፍጣ፣ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ሳያናይድ ተወድዶ ወጪው 1,800 ቢገባ ወርቁ 2,200 ሆኖም ትርፉ 400 ብቻ ነው። "ወርቅ ጨምሮ አክሲዮኑ ለምን ወረደ?" ለሚለው መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ገና ማምረት ያልጀመረ ኩባንያ ደግሞ ባሰ፤ የግንባታ ወጪው ሲንር አዲስ አክሲዮን አውጥቶ ይሸጣል፣ የነባሩ ባለአክሲዮን ድርሻም ይሳሳል። ኬፊም ደጋግሞ ያደረገው ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከበከኒሳ ቀሴ ሆኖ ብርን ወደ ዶላር ቀይሮ የውጭ አክሲዮን መግዛት ለአገር ውስጥ ነዋሪ በአብዛኛው አልተፈቀደም። በቴሌግራም "የወለጋ ወርቅ አክሲዮን እንሸጣለን፣ በወር ይህን ያህል ትርፍ" የሚላችሁ ካለ መጀመሪያ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው ጠይቁት።