ስለ ግራፊክስ ካርድ አጭር ታሪክ

የኮምፒዩተር ጨዋታ ሲንቀረፈፍብን እኛ የጉቴ ተማሪዎች «ኮምፒዩተሩ አርጅቷል» እንላለን። ምክንያቱ ግን የግራፊክስ ካርዱ ማኅደረ ትውስታ መጥበብ ሊሆን ይችላል። ይህ ማኅደር የሥዕሉ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ በሞላ ጊዜ ሥዕሉን ከሌላ ስፍራ ማመላለስ ግድ ይሆናልና ሥራው ይዘገያል።

በአውሮጳ አቆጣጠር በ1981 የወጣው የአይቢኤም የቀለም ካርድ 16 ኪሎባይት ብቻ ነበረው። በ1982 ታይላንዳዊው ቫን ሱዋኑኩል የዶክትሬት ጽሑፉን በአገሩ ፊደል ለመጻፍ ሲል 64 ኪሎባይት ያለውን የሄርኩለስ ካርድ ሠራ። በ1999 «ጂፎርስ 256» የተባለው ካርድ 32 ሜጋባይት ይዞ ወጣ፤ ዛሬ የጨዋታ ካርድ ማኅደር በጊጋባይት ይቆጠራል።

እንግዲህ ካርዱን ያሳደገው ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የአገር ፊደል ፍቅርም ጭምር ነው። እኛም ከመጫወት አልፈን ለቋንቋዎቻችን የሚበጅ መሣሪያ ለመሥራት እንትጋ።