የቤተሰብ ውርስና ኑዛዜ በብስራተ ገብርኤል

የውርስ ዝግጅት ሰው በሕይወቱ ሳለ ንብረቱ ከሞቱ በኋላ ለማንና እንዴት እንደሚተላለፍ የሚወስንበት ሕጋዊ ተግባር ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ብስራተ ገብርኤል፣ እንደ ሌላው አዲስ አበባ ሁሉ፣ የብዙ ቤተሰብ ዋና ሀብት መኖሪያ ቤቱ በመሆኑ የውርስ ጉዳይ በአብዛኛው የቤት ጉዳይ ነው። የሚሠራበት ሕግ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሙስሊም ቤተሰቦች ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ ጉዳያቸውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማስወሰን ይችላሉ።

የባልና የሚስት ድርሻ

ኑዛዜ ከሌለ የትዳር ጓደኛ ወራሽ አይደለም። ሆኖም በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ስለሆነ፣ ውርሱ ከመከፋፈሉ በፊት የጋራ ንብረቱ ግማሽ በሕይወት ላለው ወገን ይወጣል። ከጋብቻ በፊት የተገኘ ወይም ከወላጅ የተወረሰ ቤት ግን የግል ነው። በእንዲህ ያለ ቤት የምትኖር ሚስት ባሏ ሳይናዘዝላት ቢሞት ባለቤትነቱ ለወራሾቹ ያልፋል።

ያለ ኑዛዜ የሚደረግ ውርስ

ቀዳሚዎቹ ወራሾች ልጆች ሲሆኑ እኩል ይካፈላሉ፤ ጾታ፣ ዕድሜ ወይም ከጋብቻ ውጭ መወለድ ልዩነት አያመጣም። የጉዲፈቻ ልጅም እንደ ተወላጅ ልጅ ይወርሳል። ቀድሞ የሞተ ልጅ ተወላጆች በእርሱ ቦታ ይተካሉ። ተወላጅ ከሌለ አባትና እናት እኩል ይወርሳሉ።

ኑዛዜ

ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። በግልጽ የሚደረገው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ወዲያው ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረገው ሙሉ በሙሉ በእጁ መጻፍ አለበት፤ በሰባት ዓመት ውስጥ በአዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ካልተቀመጠ ይሻራል። የቃል ኑዛዜ ስለ ቀብር፣ ስለ ልጆች አሳዳሪነትና ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ ተናዛዡ ከተናዘዘ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ቀሪ ይሆናል። ባልና ሚስት በአንድ ሰነድ አብረው ቢናዘዙ ኑዛዜው ፈራሽ ነው። ልጅን ከውርስ ለመንቀል ምክንያቱ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ባለአደራ

የፍትሐ ብሔር ሕጉ የተወሰነ ንብረት ለይቶ በመመሪያ የሚያስተዳድር ባለአደራ በስጦታ ወይም በኑዛዜ መሾምን ይፈቅዳል። ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ወይም ራሱን ማስተዳደር ለማይችል የቤተሰብ አባል የሚጠቅም ነው።

ከሞት በኋላ

ወራሾች ከከተማው ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይጠይቃሉ። ውርሱን የሚያጣራው ሰው (ውርስ አጣሪው) የቀብር ወጪን፣ የማጣራት ወጪንና የሟችን ዕዳ አስቀድሞ ከፍሎ የተረፈውን ለክፍፍል ያዘጋጃል። የወራሽነት ማስረጃው የቤቱን ካርታ በወራሾች ስም ለማዞርም ያገለግላል። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 በሊዝ ያልተያዘ ነባር ይዞታ ወደ ሊዝ የሚገባው ከውርስ ውጭ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ በመሆኑ፣ ቤቱን ሸጦ ገንዘብ መካፈልና ወርሶ መያዝ የተለያየ ውጤት አላቸው። ውጭ ሀገር ያለ ወራሽ በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ውክልና መላክ ይችላል። ያለ መብት ውርሱን የያዘን ሰው መክሰስ የሚቻለው መያዙ ከታወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ነው።