ስሙ አንድ፣ ከኋላው ያለው ሌላ፦ በኢላስቲክሰርች አሊያሶችን ዘርዝሮ ማየት

ከእናንተ መካከል የማኅበር፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የቻናል የቪዲዮ ማኅደር የምታስተዳድሩ አላችሁ። ይህ ማብራሪያ ለእናንተ ነው።

ኢስት ዮርክ ራሱን የቻለ አስተዳደር መሆኑ የቀረው ጃንዋሪ 1 ቀን 1998 ነው፤ ከቶሮንቶ ጋር ተጠቃለለ። እኛ ግን ዛሬም «ኢስት ዮርክ ነው ያለሁት» እንላለን፣ ሰሚውም ይገባዋል። ስሙ እንዳለ ነው፣ ከስሙ ጀርባ ያለው ማዘጋጃ ቤት ግን ሌላ ሆኗል። አሊያስ የሚባለውም እንዲሁ ነው። ድረ ገጹ «ቪዲዮ» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚመልስለት ኢንዴክስ ግን «ቪዲዮ_1» ወይም «ቪዲዮ_2» ሊሆን ይችላል።

ይህ ለአማርኛ ማኅደር ከማንም በላይ ያስፈልጋል። ምክንያቱ ፊደላችን ነው። «ፀሐይ»ን አንዱ «ጸሐይ»፣ ሌላው «ፀሀይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይጽፋል። ለኮምፒውተሩ አራቱም የተለያዩ ቃላት ናቸው። ኢላስቲክሰርች የቆመበት ሉሲን ደግሞ ለአረብኛ፣ ለቤንጋልኛ፣ ለአርመንኛ የተዘጋጀ መተንተኛ ሲኖረው ለአማርኛ የለውም። ስለዚህ ሐ እና ኀ እንደ ሀ፣ ሠ እንደ ሰ፣ ዐ እንደ አ፣ ፀ እንደ ጸ እንዲቆጠሩ ደንቡን ራሳችን መጻፍ አለብን። ችግሩ ምንድን ነው? ደንቡ ቀድሞ የገባውን ጽሑፍ አያስተካክልም። አዲስ ኢንዴክስ ተሠርቶ ሁሉም እንደገና መግባት አለበት፣ ከዚያም አሊያሱ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይዞራል። ማንሣቱና መጨመሩ በአንድ ትእዛዝ ከተላከ ተመልካቹ ምንም አይሰማውም።

አሮጌውን ከማጥፋት በፊት ግን ማን በምን ስም እንደሚጠራው ማየት ግድ ነው። ትእዛዙ ጌት ብሎ «_ካት/አሊያስስ» ነው (በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋል)፤ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክትና «ቪ» ከተጨመረ የዓምዶቹ ርእስ አብሮ ይወጣል። የመጀመሪያው ዓምድ አሊያሱ፣ ሁለተኛው ኢንዴክሱ ነው። በማጣሪያው ዓምድ ኮከብ ካያችሁ አሊያሱ የኢንዴክሱን ከፊል ብቻ ያሳያል ማለት ነው፤ ሰረዝ ከሆነ ማጣሪያ የለውም። ሁለቱ የሩቲንግ ዓምዶች በትንሽ ማኅደር ብዙ ጊዜ ሰረዝ ናቸው፣ እለፏቸው። የመጨረሻው ዓምድ አዲስ ጽሑፍ የሚገባበትን ኢንዴክስ ይጠቁማል።

አንድ አሊያስ ሁለት መስመር ላይ ከታየ ቆም በሉ። አንዳንዴ ሆን ተብሎ ነው፤ የየዓመቱን ኢንዴክስ በአንድ ስም መጥራት የተለመደ ነው። ዝውውር ላይ ከሆናችሁ ግን አሮጌው ሳይነሣ አዲሱ ተጨምሯል ማለት ነው፣ ፈላጊው እያንዳንዱን ቪዲዮ ሁለት ሁለት ጊዜ ያያል። መጻፊያው የትኛው እንደሆነ ካልተለየ ደግሞ በአሊያሱ ስም አዲስ ነገር ማስገባት አይቻልም፣ ስህተት ይመልሳል።

ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ቢመጣ «አሊያስ የለም» ብላችሁ አትደምድሙ። የይለፍ ጥበቃ ባለበት ክላስተር የምታዩት የተፈቀደላችሁን ብቻ ነው፤ ሙሉ ፈቃድ ባለው መለያ ድገሙት። ካት የሚባሉት ትእዛዞች ለሰው ዓይን የተሠሩ ናቸው፤ ፕሮግራም እንዲያነበው ከፈለጋችሁ «_አሊያስ» የሚለውን ተጠቀሙ፣ ጄሰን ይመልሳል። በ2021 ከኢላስቲክሰርች የተገነጠለው ኦፕንሰርችም በሁለቱም ይሠራል።

በአሊያስ ስም «አጥፋ» ብትሉት ኢላስቲክሰርች እሺ አይልም፣ የኢንዴክሱን እውነተኛ ስም ይፈልጋል፤ ይህ ጥሩ መከላከያ ነው። በእውነተኛ ስሙ ካጠፋችሁት ግን የተንጠለጠሉበት አሊያሶች ሁሉ አብረውት ይሄዳሉ፣ የቆየ የስልክ አፕ የሚጠራበት የተረሳ ስም ካለም ጭምር። ስለዚህ በዝርዝሩ ሁለተኛ ዓምድ ላይ የአሮጌው ስም አንድም ቦታ አለመቅረቱን አይታችሁ፣ ቅጂ ይዛችሁ፣ ከዚያ አጥፉ።