ክህደትና ርስት በእንግሊዝ ሕግ

በእንግሊዝ አገር ንጉሥን መክዳት ምን ማለት እንደ ሆነ የሚደነግገው መሠረታዊ ሕግ የወጣው በንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊ ዘመን በ1351 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ሳይሆን ያኔ የቤተ መንግሥትና የችሎት ቋንቋ በነበረው የኖርማኖች ፈረንሳይኛ ነው። ከዚያ በፊት የክህደት ወሰን በልማድና በዳኞች ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ስለ ነበረ፣ መንገደኛ አግቶ ገንዘብ እስኪከፍለው ድረስ ያሰረ ባላባት እንኳ የንጉሡን ሥልጣን ለራሱ ወስዷል ተብሎ በከሃዲነት ሊከሰስ ይችል ነበር።

ለሕጉ መውጣት ምክንያት የሆነው ግን ለተከሳሾች ማዘን አልነበረም፤ ነገሩ የመሬት ነበር። በዚያ ዘመን መሬት ከንጉሡ ለታላላቅ መኳንንት፣ ከእነርሱም ለበታቾቻቸው በአገልግሎት ግዴታ ይሰጥ ስለ ነበረ፣ አንድ ባለመሬት ነፍስ አጥፍቶ ወይም ሰርቆ ሲፈረድበት ንጉሡ መሬቱን ለአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ይጠቀምበትና ርስቱ ወደ ሰጪው ጌታ ይመለሳል፤ በክህደት የተፈረደበት ሰው ርስት ግን እንዳለ ለንጉሡ ይወረሳል። ስለዚህ ዳኞች አንድን ተራ ወንጀል ክህደት ባሉት ቁጥር ከመኳንንቱ አንዱ ሊመለስለት የሚገባውን መሬት ያጣል፤ ፓርላማው ለክህደት ወሰን ይበጅለት እያለ አቤት ያለውም ስለዚሁ ነው። የኋላ ዘመን ጠበቆች የነፃነት ዋስትና አድርገው ያወደሱት ሕግ መነሻው የባለርስቶች ጥቅም መሆኑን መሸፋፈን አይገባም።

ሕጉ ንጉሡን፣ ንግሥቲቱን ወይም አልጋ ወራሹን ለመግደል ማሰብን፣ በግዛቱ ውስጥ በንጉሡ ላይ ጦር ማንሣትን፣ ከጠላቶቹ ጋር መተባበርን፣ ማኅተሙንና ገንዘቡን አስመስሎ መሥራትን፣ እንዲሁም ዋና ዋና ሹማምንቱንና ዳኞቹን በሥራቸው ላይ ሳሉ መግደልን ከፍተኛ ክህደት አለው። ከዚህ በታች ደግሞ አነስተኛ ክህደት የሚባል ነበር፤ ይኸውም ሎሌ ጌታውን፣ ካህን የበላዩን፣ ሚስት ባሏን የገደለች እንደ ሆነ ነው። ባል ሚስቱን ቢገድል ግን ወንጀሉ ተራ ነፍስ ግድያ እንጂ ክህደት አይባልም፤ ቤትም ትንሽ መንግሥት፣ ባልም የቤቱ ንጉሥ ሆኖ ይታይ ነበርና። በሁለቱም ዓይነት ክህደት የተፈረደባት ሴት በእሳት ትቃጠል የነበረ ሲሆን፣ ይህ ቅጣት ለመጨረሻ ጊዜ የተፈጸመው በ1789 ገንዘብ አስመስላ ሠራች በተባለች ሴት ላይ ነው፤ እርሷም ከመቃጠሏ በፊት በገመድ ታንቃ ነበር። ቅጣቱ በ1790 ተሻረ፤ አነስተኛ ክህደትም በ1828 ከነፍስ ግድያ ጋር ተቀላቀለ።

በወንዶች ላይ የሚፈጸመው ቅጣት በአንድ ጊዜ የተበጀ ሳይሆን ከየወንጀሉ የተጠራቀመ ነበር። በ1283 በሽሩስበሪ ከተማ የተገደለው የዌልስ መስፍን ዳቪድ ስለ ክህደቱ በፈረስ ተጎተተ፣ ነፍስ ስላጠፋ ተሰቀለ፣ በትንሣኤ ሰሞን ደም ስላፈሰሰ አንጀቱ ተዘርግፎ ተቃጠለ፣ በልዩ ልዩ ስፍራ በንጉሡ ሞት ላይ ስለ ተማከረ ሰውነቱ ተቆራርጦ በእንግሊዝ አገር ተበተነ። በ1305 ስኮትላንዳዊው ዊልያም ዋላስ በለንደን ሲገደል፣ ጭንቅላቱ በለንደን ድልድይ ላይ ተሰክቶ አራቱ ብልቶቹ ወደ ኒውካስል፣ ቤሪክ፣ ስተርሊንግና ፐርዝ ተላኩ። ቅጣቱ በሥጋ ብቻ አያበቃም፤ የከሃዲው ደም ተበክሏል ስለሚባል ልጆቹ ከእርሱም ሆነ በእርሱ በኩል ከአያቶቻቸው ርስት መውረስ አይችሉም። በሌላ ከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ለክሱ መልስ አልሰጥም ብሎ በክብደት ተጨፍልቆ ቢሞት ሳይፈረድበት ስለሚሞት ርስቱን ለልጆቹ ሊያተርፍ ይችል ነበር፤ በክህደት ክስ ግን ዝምታው ራሱ እንደ ጥፋተኛነት ስለሚቆጠር ይህ መራራ ማምለጫም ዝግ ነበር።

የ1351ዱ ሕግ ያበጀው ወሰን ንጉሥ በፈራ ቁጥር ይጣሳል። ሄንሪ ስምንተኛ በ1534 ባስወጣው ሕግ ቃል መናገር ብቻ ክህደት ሆነ፤ የቀድሞው የንጉሡ ዋና አማካሪ ቶማስ ሞርም በ1535 አንገቱ የተቀላው ንጉሡ የቤተ ክርስቲያን ራስ ነው የሚለውን አልቀበልም በማለቱ ነው። በ1696 ግን ፓርላማው በክህደት ለተከሰሰ ሰው የክሱ ግልባጭ አስቀድሞ እንዲደርሰው፣ ጠበቃ እንዲቆምለትና ሁለት ምስክሮች ካልመሰከሩበት እንዳይፈረድበት ደነገገ። በስርቆት የተከሰሰ ድሃ ሙሉ የጠበቃ መብት ያገኘው ከዚያ 140 ዓመት ዘግይቶ በ1836 ነው። የፓርላማ አባላት በስርቆት እከሰሳለሁ ብለው አይሰጉም፤ በክህደት ግን ወዳጆቻቸው ሲሞቱ አይተዋል።

ሕጉ ከሁሉ ይልቅ በጥልቀት የተመረመረው በሮጀር ኬዝመንት ጉዳይ ነው። በኮንጎና በፔሩ ጎማ ለቃሚዎች ላይ የሚፈጸመውን ግፍ በማጋለጡ የተከበረው ይህ አይርላንዳዊ የብሪታንያ ቆንስል፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ጀርመን ሄዶ ከአይርላንዳውያን ምርኮኞች ጦር ለማቋቋም ሞከረ፤ በሚያዝያ 1916 በጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ወደ አይርላንድ ተመልሶ ተያዘ። ጠበቃው ከጠላት ጋር መተባበር ወንጀል የሚሆነው በንጉሡ ግዛት ውስጥ ሲፈጸም ብቻ ነው ብሎ ተከራከረ፤ የክርክሩ ውጤትም «በግዛቱ ውስጥ ወይም በሌላ ስፍራ» የሚለው ሐረግ ከየትኛው ግስ ጋር እንደሚሄድ በመወሰን ላይ የተመሠረተ ነበር። ሁለት ዳኞች ወደ መዝገብ ቤት ሄደው በጥንታዊው ብራና ላይ የሰፈረውን የሥርዓተ ነጥብ ምልክት እስከ መመርመር ደረሱ። ይግባኙ ውድቅ ሆኖ ኬዝመንት ነሐሴ 3 ቀን 1916 ተሰቀለ፤ በነጠላ ሰረዝ የተሰቀለ ሰው እየተባለ የሚነገርለትም ከዚህ የተነሣ ነው።

የከሃዲ ርስት ለንጉሡ መወረስና አስከሬን መቆራረጥ በ1870 አብረው ተሽረዋል። በክህደት ለመጨረሻ ጊዜ የተሰቀለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከበርሊን በሬዲዮ ስለ ጀርመን ይሰብክ የነበረው ዊልያም ጆይስ ነው፤ ኒውዮርክ ተወልዶ የብሪታንያ ዜግነት ባይኖረውም፣ በሐሰት ያወጣው የብሪታንያ ፓስፖርት የንጉሡን ጥበቃ ስላሰጠው ታማኝነትም አለበት ተብሎ በጥር 1946 ሞተ። በ1998 የክህደት የሞት ቅጣት ተነሥቶ በዕድሜ ልክ እስራት ተተካ፤ የኤድዋርድ ሣልሳዊ ሕግ ግን አንዳንድ አንቀጾቹ ቢሰረዙም እስከ ዛሬ አልተሻረም።