ነፍጡን ተወው፣ ጥይቱን ጠይቅ

ኮምቦልቻ ይኖሩ የነበሩት አያቴ ጠመንጃ ሊገዛ ለሚያማክራቸው ሰው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ልጄ፣ ነፍጡን ተወውና ጥይቱን ጠይቅ። ባቲ ገበያ የማታገኘውን ጥይት የሚጎርስ ነፍጥ ዱላ ነው።» ስለ ወሎ ነፍጥ ከሰማሁት ሁሉ ይህን ያህል የጠቀመኝ ቃል የለም።

ውጅግራን ተመልከቱ። 11 ሚሊሜትር ጥይት የሚጎርስ የፈረንሳይ ነፍጥ ነው፤ ፈረንሳዮች በ1886 እ.ኤ.አ. ጭስ የሌለው ባሩድ የሚተኩሰውን ለበልን ሲታጠቁ አሮጌው በቀይ ባሕር ዳርቻ በኩል ወደ እኛ ጎረፈ። ከሱ የተሻሉ ነፍጦች ነበሩ። ሰዉ ግን ጥይቱ ስለማይጠፋ ወደደው፤ ቀለሁ ወፍራም ናስ በመሆኑም በጥቁር ባሩድና በእርሳስ ዳግም ይሞላ ነበር። ማርትሬዛ ብር ለትንሽ ዕቃ ስለሚከብድ የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ዝርዝር ገንዘብ በገበያ ዞሯል።

ምኒልክም ጥይትን በሚገባ ያውቁ ነበር። ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ከኢጣሊያ ጋር ያደረጉት ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ተፈረመባት። ንጉሠ ነገሥቱ ውሉን ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት ያሳወቁት በየካቲት 1885 ዓ.ም. ነው፤ ኢጣሊያ የላከችው 2,000,000 ጥይት እጃቸው ከገባ በኋላ! ዐድዋ ላይ ደግሞ ኢጣሊያኖች 6.5 ሚሊሜትር የሚጎርሰው አዲሱ ነፍጣቸው እያለ፣ ከኤርትራ አስካሪዎቻቸው ጋር አንድ ዓይነት ጥይት እንዲጠቀሙ ብለው አሮጌውን ቬተርሊ ይዘው ዘመቱ።

ያ አዲሱ ነፍጥ በኋላ አያቴ እጅ ገባ። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦርና አርበኞች ኮምቦልቻን አልፈው ደሴን ሲይዙ፣ የኢጣሊያ መሣሪያ በየገደሉ ቀርቶ ነበር። ይህ ነፍጥ ስድስቱን ጥይት የሚይዝ ክሊፕ የሚሉት የብረት ማቀፊያ ይፈልጋል፤ ክሊፑ ከጠፋ አንድ አንድ እያጎረሱ መተኮስ ነው። አያቴ ክሊፑን ከጥይቱ አብልጠው ይጠብቁት ነበር።

አባቴ ወታደር ስለነበር የታጠቀው ኤም ዋን ጋራንድ ነው፤ ቃታውን በሳቡ ቁጥር ራሱ እያጎረሰ ስምንት የሚተኩስ የአሜሪካ ጠመንጃ። ጆን ጋራንድ መጀመሪያ ያዘጋጀው 7 ሚሊሜትር ገደማ ለሆነ፣ በጦሩ ውስጥ ገና ላልተለመደ አዲስ ጥይት ነበር። ጥይቱ ቀላል፣ ርግጫውም ለስላሳ ነው፤ በሙከራም ተመስግኗል። በ1924 ዓ.ም. የአሜሪካ ጦር ኢታማዦር ሹም ጀኔራል ዳግላስ ማክአርተር ግን «አይሆንም» አሉ። መጋዘኑ በአሮጌው 7.62 ሚሊሜትር ጥይት ተሞልቶ፣ መትረየሱም እሱኑ እየጎረሰ ሳለ ሌላ ጥይት ማምጣት ለጦር ሜዳ ስንቅ ጣጣ ነው ብለው ነው። እኔ ፈረድኩላቸው። የኮምቦልቻው ሽማግሌ ቢጠየቁ የተለየ መልስ አይሰጡም ነበር።

በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ከተፈረመው የወታደራዊ ዕርዳታ ውል በኋላ ጋራንድ ለጦራችን በብዛት መጣ። በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ተቆራርጠን የሶቪየት መሣሪያ ሲገባ ግን የክላሽንኮቭ አጭር ጥይት አገሩን ሞላ። የኤም ዋን ጥይት ከዚያ በኋላ ብርቅ ሆነ፤ ጥሩው ጠመንጃ ሳይበላሽ ሥራ ፈታ።

የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ተዘርፏል። እናንተ የደሴ፣ የኮምቦልቻና የባቲ ሰዎች፣ በሣጥናችሁ ባዶ የውጅግራ ቀለህ፣ ክሊፕ ወይም የአያት ዝናር ካለ ለቆራሌው አትስጡት፤ የማን እንደነበረ ጽፋችሁ ለሙዚየሙ አስረክቡ።