የነርሷ ስጋት ለጥሪ በቂ የሆነበት ታሪክ



ከቤተሰቦች ጋር ሆስፒታል ስንሄድ ደጋግመን የምናየው ነገር አለ። ነርሷ አንድ አባታችንን «እንዴት ነዎት?» ብላ ስትጠይቃቸው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው እንኳ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይላሉ። ይህ በእኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ በሆስፒታል ግን ሊጎዳ ይችላል። ምክንያቱን ከሚከተለው አጭር ታሪክ እንረዳለን።

ቀደም ባለው ጊዜ በሆስፒታሎች አስቸኳይ ቡድን የሚጠራው የበሽተኛው ልብ ከቆመ በኋላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ አገር የወጣ ጥናት በሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ልባቸው የቆመ 64 በሽተኞችን መረመረ። ከእነዚህ መካከል 54ቱ፣ ልባቸው ከመቆሙ በፊት በነበሩት 8 ሰዓታት ውስጥ ሁኔታቸው እየከፋ መሄዱ ተመዝግቦ ተገኘ። ምልክቱን አስቀድማ የምታየው አልጋው አጠገብ የምትውለው ነርስ ናት። ሆኖም እሷ ለጀማሪው ሐኪም፣ እሱም ለበላዩ እስኪነግር ድረስ ሰዓቱ ያልፍ ነበር።

በዚያው በ1990 በአውስትራሊያ፣ ሲድኒ የሚገኘው የሊቨርፑል ሆስፒታል ይህን አሠራር ለወጠ። ነርሷ የበላይ ሳታስፈቅድ የአስቸኳይ ሕክምና ቡድኑን በቀጥታ እንድትጠራ ተፈቀደላት። ለትንፋሽ፣ ለልብ ምትና ለደም ግፊት የጥሪ ልክ ተወሰነላቸው። ከዚህም ሌላ ቁጥሩ ልኩ ላይ ባይደርስም «ይህ በሽተኛ በጣም አሳስቦኛል» ማለቷ ብቻ በቂ ምክንያት ሆነ።

በ2005 የወጣ፣ በ23 የአውስትራሊያ ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ግን ቡድን ማቋቋም ብቻውን ሞትን በግልጽ እንዳልቀነሰ አሳየ። ምልክቱ እየታየ ጥሪው ሳይደረግ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነበርና። በዚያው ዓመት በአሜሪካ፣ በፒትስበርግ ከተማ አንድ ሆስፒታል ቤተሰብም ቡድኑን እንዲጠራ ፈቀደ።

የሆስፒታሎች አሠራር ይለያያል። በየትም ቢሆን ግን ነርሷ የምታውቀው የምታየውንና የምንነግራትን ነው። አባታችን ትናንት እንዴት እንደነበሩ፣ ሲያማቸው ዝም እንደሚሉ የምናውቀው እኛ ነን። ስለዚህ ለውጥ ስናይ ተራ ሳንጠብቅ ወደ አሖት ሄደን «ሁ ሎ ክሞ ኤትሞል» እንበላት፤ «እንደ ትናንቱ አይደለም» ማለት ነው። ለሴት ከሆነ «ሂ ሎ ክሞ ኤትሞል» ይባላል። ካልተሰማን ደግመን እንናገር። ይህ ሐኪምን መዳፈር አይደለም።